አሮጌው ስቲል 070 ቤንዚን ሲያንጠባጥብ፦ ቀዳዳውን ከመድፈን በፊት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። አባቴ ይሠሩበት የነበረ ስቲል 070 የሞተር መጋዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ያህል ሳይነሣ ተቀምጦ ዘንድሮ ባሕር ዛፍ ልቆርጥበት አወጣሁት። ሞተሩ ይነሣል። ነገር ግን ቤንዚን ሞልቼ ካሳደርኩት ጠዋት ሥሩ ረጥቦ፣ ታንኩም ጎድሎ አገኘዋለሁ። አንድ መካኒክ በታንኩ መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን ቀባበት፤ ሦስት ቀን ቆሞ እንደገና ጀመረ። ስሠራበት መጀመሪያ ደህና ነው፤ ታንኩ ሲጎድል ግን ነዳጅ ስሰጠው ይታፈናል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በመኪና ጭኜው ስወጣ ደግሞ ይብስበታል፤ አንዳንድ ጊዜ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ሁሉ ቤንዚን ይወጣል። ላሠራው ወይስ ልተወው?»

ወንድሜ፣ መጋዙን አትተወው። እስኪስተካከል ድረስ ግን አንድም ግንድ አትቁረጥበት።

አትተወው የምልህ 070 ሊጠገን ተብሎ የተሠራ ማሽን ስለሆነ ነው። ስቲል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ካወጣው ኮንትራ ከተባለው መጋዝ የወረደ ንድፍ ነው። ሲሊንደሩ ወደ 106 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል፤ አካሉ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በቡሎንና በቪቴ ይፈታል፣ ይታሰራል። ዛሬም ቅጂዎቹ በብዛት ስለሚመረቱ ጓርኒሲዮኑም (የመጋጠሚያ ማሸጊያው)፣ ቱቦውም፣ የካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የእድሳት ዕቃም ይገኛል። ሲሊንደሩ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ማብሪያውን አጥፋና መጋዙን በማስነሻ ገመዱ መያዣ አንጠልጥለው። በራሱ ክብደት ቀስ እያለ፣ በየመጨመቂያው እየቆመ ከወረደ እመቃው አለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ዘጭ ብሎ ከወረደ ጉዳዩ ከቤንዚን ማንጠባጠብ ያለፈ ነው፤ ሌላ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሲሊንደሩን አስፈትሽ።

አትቁረጥበት ያልኩበት ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል። ሲቆም ቤንዚን የሚያወጣ ስንጥቅ፣ ሞተሩ ሲሠራ አየር ያስገባል። ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን ከታንኩ የሚስበው በመምጠጥ ነው፤ ቱቦው ላይ ስንጥቅ ካለ ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ ይቀለዋል። ይህ ደግሞ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ብቻ ነው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፒስተኑ ይፋቃል፤ በመጨረሻም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። «ታንኩ ሲጎድል ነዳጅ ስሰጠው ይታፈናል» ያልከው የዚህ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ሙያውን ገና በምለማመድበት ጊዜ አንድ ደንበኛ ልክ እንዳንተ የሚያንጠባጥብ መጋዝ አመጣልኝ። ከታንኩ ሥር ጠብታ አየሁ፤ አጸዳሁ፤ ማጣበቂያ ቀባሁ፤ ጠብታው ቆመ። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት የማስነሻ ገመዱ አልሳብ ብሎት ተመለሰ። ስፈታው ፒስተኑ በጭስ ማውጫው በኩል ተፍቆ ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዟል። ቱቦው ከታንኩ ግድግዳ በሚወጣበት ቦታ፣ ከሥር በኩል፣ ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ ነበረው። ቤንዚኑ ከዚያ ወጥቶ በአካሉ ላይ እየወረደ እኔ ማጣበቂያ በቀባሁበት መጋጠሚያ ላይ ይንጠባጠብ ኖሯል። ያ ሰው ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያ መጋዝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ጠብታ ያየሁበትን ቦታ ምንጩ ነው ብዬ አምኜ አላውቅም።

ሥራ ከመጀመርህ በፊት ስለ እሳት። ቤንዚን በደብረ ብርሃን የሌሊት ብርድ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ሆኖም ይተናል። ትነቱ ከአየር ይከብዳልና ወለል ለወለል ተንሸራቶ ይሄዳል። የሚያንጠባጥብ መጋዝ ምድጃ ባለበት ቤት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል አታሳድር። መጋዝን ማእድ ቤት ጥግ ማስቀመጥ በየሄድኩበት የማየው ልማድ ነው፤ እባክህ አንተ ተወው። ሥራውን ከቤት ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ ካንዴላውን ነቅለህ ሥራ።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው በእርግጥ ቤንዚን መሆኑን አረጋግጥ። ይህ መጋዝ ሁለት ታንክ አለው፤ አንዱ የቤንዚን፣ ሌላው የሰንሰለት ዘይት። የሰንሰለት ዘይት በማደር ጥቂት ቢያንጠባጥብ የተለመደ ነገር ነው። ንጹሕ ነጭ ካርቶን አንጥፈህ መጋዙን አሳድርበት። ቤንዚን ከሆነ እርጥበቱ ሰፍቶ ይተንና ቀጭን የቅልቅል ዘይት ጥላ ብቻ ይተዋል። የሰንሰለት ዘይት ከሆነ ወፍሮ፣ አብረቅርቆ እዚያው ይቀመጣል። ብዙዎቻችን ለሰንሰለቱ ያገለገለ የሞተር ዘይት ስለምንጠቀም ጥቁረቱም ይለየዋል። አንተ ታንኩ እንደሚጎድል ስለነገርከኝ ቤንዚን እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉና ካርቶኑን እየው።

ቀጥሎ ያ ሲሊኮን ይነሣ። የተለመደው ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ይለሰልሳል፣ ከዚያ እየተላጠ ይነሣል። ሦስት ቀን የቆየልህ ለዚህ ነው። የከፋው ደግሞ የተላጠው ፍርፋሪ ወደ ታንኩ ውስጥ ገብቶ ከሆነ በማጣሪያው ላይ ተለጥፎ የቤንዚኑን መንገድ ይዘጋል። በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ፋቀው፤ ብረት አትጠቀም፣ ማግኒዚየም ለስላሳ ነውና መጋጠሚያው ይጫጫራል። ታንኩን ባዶ አድርገህ በጥቂት ንጹሕ ቤንዚን ሁለት ሦስት ጊዜ እያንቀጫቀጭህ እጠበው፤ የሚወጣውን በነጭ ጨርቅ አጣርተህ ተመልከት።

ከዚያ አካሉን ከውጭ በሳሙናና በውኃ እጠበው፤ አየር ማስገቢያውን በጨርቅ ድፈን። የመጋዝ ብናኝና ዘይት የተጋገረበት አካል ላይ ምንም አይታይም። ሲደርቅ በታንኩ ዙሪያ፣ በካርቡሬተሩ ሥር፣ በቱቦው መውጫ ላይ የጠመኔ ዱቄት በስሱ ነስንስ። ታንኩን እስከ ሩብ ሞልተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ ከዚያ ግማሽ ሞልተህ ጠብቅ፤ ከዚያ በግራ ጎኑ፣ በቀኝ ጎኑ፣ በአፍንጫው አስተኛው። ነጩ ዱቄት የሚጠቁርበት የመጀመሪያው ነጥብ ምንጩ ነው። ሩብ ላይ የማያፈስ ሆኖ ግማሽ ላይ ከጀመረ ቀዳዳው በዚያ ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው። የሚያፈሰው ሲተኛ ብቻ ከሆነ ክዳኑን ወይም መተንፈሻውን ጠርጥር።

ዱቄቱ ካልበቃ በግፊት እንፈትሻለን። ትልልቅ ጋራዦች ለዚህ ልዩ ፓምፕ አላቸው። እኔ ለብዙ ዓመታት የሠራሁት ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ እጁን የሚጠቀልለውን ጨርቅ አስወግደህ ፓምፑንና ግፊቱን የሚያሳየውን ሰዓት ትወስዳለህ። ሰዓቱ እስከ 300 ይቆጥራል፤ ይህም 0.4 ባር ያህል ነው። ታንኩን ባዶ አድርግ፣ ክዳኑን ክፈትና ትነቱ ወጥቶ እስኪያልቅ አናፍሰው። ከዚያ ክዳኑን ዝጋ፣ መተንፈሻውን ለጊዜው ያዘው፤ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ቱቦ ነቅለህ ፓምፑን እዚያ ላይ ሰካ። እስከ 150 ድረስ ንፋና በሁሉም ቦታ የሳሙና አረፋ ቀባ። የሰዓቱ መርፌ ለአንድ ደቂቃ ካልወረደ ታንኩና ቱቦው ደህና ናቸው። ከወረደ አረፋው ይነግርሃል። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ግን በፍጹም አታስጠጋበት። ያ ከ6 ባር በላይ የሚገፋ ነው፤ ታንኩን ይቀደዋል።

አሁን ልምዴ የሚነግረኝን ልናገር፤ ስድስት ዓመት በተቀመጠ መጋዝ ላይ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው። የድሮ የቤንዚን ጎማ ቤንዚን ውስጥ ሲኖር ለስላሳ ነው፤ ታንኩ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ እንደ ደረቀ ጠፍር ይጠነክራል። ከዚያ እንደገና ቤንዚን ሲሞላበት ያብጣል፣ የጠነከረው ይሰነጠቃል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ይህን ያፋጥናል። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ኤታኖል የተደባለቀ ቤንዚን ይሸጥ ነበር፤ የዚህ መጋዝ የመጀመሪያ ጎማዎች ግን ለዚያ የተሠሩ አይደሉም። ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ በጣትህ አጥፈው። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ሲል አይታይም፣ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። በአንዳንዱ መጋዝ ቱቦው የታንኩን ግድግዳ በጎማ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ በሌላው ግድግዳው ላይ ከተተከለ የናስ ጡት ጋር ይሰካል። በሁለቱም ላይ የሚያልቀው ቦታ ያው ነው፤ ጎማው ብረቱን የሚነካበት፣ ንዝረት የሚፍቀው አንገት።

ታንኩ ውስጥ ያለውንም ቱቦ አውጣው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ምክንያቱም ከውጭ አይንጠባጠብም። ነገር ግን የውስጡ ቱቦ ከተሰነጠቀ ታንኩ ሙሉ ሳለ ስንጥቁ ቤንዚን ውስጥ ስለተነከረ ችግር አይታይም፤ ቤንዚኑ ከስንጥቁ በታች ሲወርድ አየር መሳብ ይጀምራል። አንተ የነገርከኝ ይህንኑ ይመስላል። ከጫፉ ያለውን ማጣሪያም አብረህ ቀይረው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሲሊኮኑ ፍርፋሪም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

በምን ትተካዋለህ? ኦሪጅናሉ ወይም ጥሩ ቅጂው ከተገኘ እሱን። ካልተገኘ የሞተር ሳይክል የቤንዚን ቱቦ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በየከተማው የባጃጅ መለዋወጫ ቤቶች የሚሸጠው፣ ይሠራል። የጉሉኮስ ቱቦ ግን አይሆንም። ግልጽና ለስላሳ ስለሆነ ያማልላል፤ ቤንዚን ግን የሚያለሰልሰውን ነገር ከውስጡ አሟሙቶ ስለሚያወጣ በጥቂት ሳምንት እንደ ብርጭቆ ይደርቅና ይሰበራል። የታንኩ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚያልፍ ከሆነ የቱቦው የውጭ ውፍረት ከቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መብለጥ አለበት፤ የሚያሽገው ያ ጥብቀት ነው። ጫፉን በሰያፍ ረጅም አድርገህ ቁረጥ፣ በቅልቅል ዘይት አርጥበው፣ በሹል ፒንሳ ጎትተህ አሳልፈው፣ ከዚያ ሰያፉን ቆርጠህ ጣል። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስለት ካለ መጀመሪያ በደቃቅ ሸራ (በብርጭቆ ወረቀት) አለስልሰው፤ አለበለዚያ አዲሱን ቱቦ በወር ውስጥ ይቆርጠዋል። በተሰኪው ጫፍ ላይ ማጣበቂያ አትቀባ።

ስለ ክዳኑ ብዙ የምለው የለኝም። ጎማው ጠፍጥፎ ወይም ደርቆ ከሆነ ቀይረው። መተንፈሻው ግን ብልሃት አለበት። በአንዳንዶቹ ክዳኑ ውስጥ ነው፣ በሌሎቹ ለብቻው ታንኩ አናት ላይ። ሥራው አየር ማስገባት፣ ቤንዚን ግን አለማስወጣት ነው። በአፍህ ሳይሆን በትንሽ መርፌ መስጫ ሲሪንጅ ሞክረው፤ ወደ ታንኩ አቅጣጫ አየር በቀላሉ ማለፍ አለበት። ተደፍኖ ከሆነ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ሞተሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይታፈናል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ስትከፍት «ፍስስ» ብሎ አየር ሲስብ ትሰማለህ። ይህም ካንተ ምልክት ጋር ይመሳሰላልና ቱቦውን ከመቀየርህ በፊት ይህን ሞክር። ቤንዚን ይወጣበታል ብለው መተንፈሻውን በክብሪት እንጨት ወይም በሳሙና የሚደፍኑ አይቻለሁ። ይህ ፍሳሹን ወደ ካርቡሬተሩ ይወስደዋል እንጂ አያቆመውም።

ወደ ማርሚታው እንምጣ። ቤንዚን በጭስ ማውጫ ወይም በአየር ማጣሪያ በኩል ከወጣ የታንኩን መጋጠሚያ መቀባት ምንም አይፈይድም፤ ጥፋቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። 070 ላይ በብዛት የምናገኘው ቲሎትሰን ኤች ኤል የሚባለው ነው። ተንሳፋፊ የለውም፤ ለዚህ ነው መጋዙን በየትኛውም አቅጣጫ ብታዞረው የሚሠራው። በአንድ በኩል በሞተሩ የውስጥ ግፊት ትርታ የሚሠራ ፓምፕ አለ፤ በሌላው በኩል ቤንዚን የሚመጥን ቀጭን ዲያፍራም (የሚተጣጠፍ ስስ ሽፋን)፣ ትንሽ ማንሻ፣ ሞላና መርፌ አሉ። ሞተሩ ቤንዚን ሲፈልግ ዲያፍራሙ ማንሻውን ይጫናል፣ መርፌው ከመቀመጫው ይነሣል። ሞተሩ ሲቆም ሞላው መርፌውን መልሶ ይዘጋል። መርፌው ካልዘጋ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሆድ ይፈሳል፤ ሞልቶም በማርሚታው ይወጣል።

ከሸዋ ሮቢት ስትወጣ ለምን እንደሚብስ አሁን ግልጽ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ያልፋል፤ በመካከሉ የጣርማበር ሽቅብ ከ3,000 በላይ ይወጣል። ታች ስትዘጋው ታንኩ ውስጥ የቀረው አየር የቆላውን ግፊት ይዞ ነው የሚጓዘው። ላይ ስትደርስ የውጭው አየር በ0.15 ባር ያህል ቀንሶ ይጠብቀዋል። መተንፈሻው ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ ስለማያሳልፍ ያ ግፊት ቤንዚኑን በቱቦው በኩል ወደ ካርቡሬተር ይገፋዋል። በደም ግፊት መለኪያው ብትቆጥረው 110 ያህል ነው፤ በታንኩ ላይ እስከ 150 ንፋ ያልኩህ ያለ ነገር አይደለም። ጤነኛ መርፌ ይህን በቀላሉ ይቋቋማል። ያንተ ስላልቻለ አርጅቷል ማለት ነው። ከጠገንከውም በኋላ ቢሆን ታንኩን ባዶ አድርገህ ጫን፤ ካልሆነም ስትደርስ መጋዙን አቁመህ ክዳኑን ቀስ ብለህ አላላና ግፊቱን አስወጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማርሚታው ቤንዚን ካስወጣ በኋላ ገመዱን በኃይል አትሳብ። የሞተሩ ሆድ ቤንዚን ሞልቶ ከሆነ ፈሳሽ አይታመቅም፤ ገመዱ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ይሰበራል። ካንዴላውን ንቀል፣ የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው አርቀህ እሰር፣ መጋዙን ገልብጠህ ቀስ እያልክ ሳብ። ቤንዚኑ ተረጭቶ ይወጣልና ፊትህን አርቅ። እስኪተን ጠብቅ።

ካርቡሬተሩን ለመፈተሽ ነቅለህ የቤንዚን መግቢያው ላይ ያንኑ ፓምፕ ሰካና እስከ 300 ንፋ። መርፌው በጥቂት ቤንዚን ርሶ ቢሆን ይሻላል። ሰዓቱ ከወረደ ካርቡሬተሩን ነጭ ጋዝ ውስጥ ንከረው፤ አረፋው ከዋናው የአየር መተላለፊያ ከወጣ መርፌው ነው፤ ከፓምፑ ክዳን ዙሪያ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ነው። ጋራዥ ውስጥ በ0.8 ባር ይፈተናል፤ በ0.4 ያልቆመ ግን ሌላ ፈተና አያስፈልገውም።

ስትፈታው በየደረጃው ፎቶ አንሣ፤ የጓርኒሲዮንና የዲያፍራም ቅደም ተከተል በሁለቱ ጎን አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል፣ ተገላብጦ ከተገጠመ ሞተሩ ይነሣል ግን አይሠራም። ዲያፍራሙን ጆሮህ አጠገብ አድርገህ ነካ ነካ አድርገው፤ እንደ ደረቅ የኮባ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ አልቆለታል። የፓምፑ ዲያፍራም ቀዳዳ ካለው ቤንዚኑ በትርታው መንገድ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ስለሚገባ መርፌውን ብቻ መቀየር አይበቃም። የመርፌውን ጫፍ በፀሐይ እየው፤ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ መስመር ካለበት አይዘጋም። መቀመጫው በቪቴ መልክ የሚፈታ ነው፣ ከሥሩም ቀጭን ጓርኒሲዮን አለ፤ መርፌው አዲስ ሆኖ የሚያፈስ ካርቡሬተር ሲገጥምህ ያንን ጓርኒሲዮን አስታውስ። መልሰህ ስትገጥም የማንሻው ጫፍ ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል መሆን አለበት። ከፍ ካለ ዲያፍራሙ ሁልጊዜ ይጫነዋል፣ መርፌውም አይዘጋም። ብዙ «አዲስ መርፌ አስገብቼ አሁንም ያፈሳል» የሚል ቅሬታ የሚመጣው ከዚህች ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ሞላውን አትዘርጋ፣ አትቁረጥ።

ስድስት ዓመት የደረቀ ቤንዚን የተወውን ቡናማ ሙጫ በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ እጠብ፤ ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትውጋ። በፓምፑ ክዳን ሥር ያለችውን ትንሽ የሽቦ ወንፊት አትርሳ። ስፕሬዩ ዲያፍራም እንዳይነካ፤ ያሳብጠዋል።

መካኒኩ የቀባው መጋጠሚያ እውነት የሚያፈስ ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ማለቴ ነው፣ ፈትተህ የድሮውን ጓርኒሲዮን አስወግድና ፊቱን በመስታወት ላይ በተነጠፈ ደቃቅ ሸራ አስተካክል። አዲሱን ከጓርኒሲዮን ወረቀት ራስህ ልትቆርጠው ትችላለህ፤ ወረቀቱን በመጋጠሚያው ላይ ዘርግተህ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ ብትመታ ቅርጹን ይይዛል። ቡሎኖቹን በተቃራኒ እያፈራረቅህ እሰር፤ የማግኒዚየም ጥርስ በቀላሉ ይበላልና አታጥብቅ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካየህ ውኃ ገብቶ የቆየበት ቦታ ነው፤ ከሥሩ ዝገት የበላው ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ስንጥቅ ከሆነ በሁለቱም ጫፉ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳ እንዳይራመድ አቁመው፤ ቅባቱን አጥበህ፣ በሸራ አሻክረህ፣ ቤንዚን በሚቋቋም ባለ ሁለት ክፍል የብረት ኢፖክሲ ድፈነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ኢፖክሲ ቶሎ አይጠነክርም፤ ቀን ፀሐይ ላይ አውለው፣ ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድረው፣ ሁለት ቀን ጠብቅ። ብየዳ የሚልህን ሰው ግን እምቢ በለው። ቤንዚን የጠጣ ታንክ ትነቱ ይፈነዳል፤ ማግኒዚየም ደግሞ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ውኃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ቅልቅሉን አዲስ አዘጋጅ። በተለመደ የሁለት ምት ዘይት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር። ታንኩ 1.2 ሊትር ይይዛል፤ እስከ አፉ አትሙላው፣ ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ በመቶ ያህል ይሰፋል፣ የጠዋት ብርድ ላይ የሞላኸው ቀትር ላይ ቦታ ይፈልጋል። የካርቡሬተሩን ሁለት ማስተካከያ ቪቴዎች በቀስታ እስኪቆሙ ዘግተህ አንድ አንድ ዙር ክፈትና ከዚያ ተነሣ። የቀድሞውን አከፋፈት አትመልስ፤ ያ አየር ለሚስብ ቱቦ የተስተካከለ ነበር። ቦታ ስትቀይር እንደገና አስተካክል። ደብረ ብርሃን ላይ በሳሳ አየር ያስተካከልከው መጋዝ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ብዙ አየር ያገኛል፣ ለዚያ አየር የሚመጥን ቤንዚን ግን አያገኝም። ፒስተን የሚበላው ወደ ታች የሚደረገው ጉዞ ነው። እዚያ ስትደርስ የላይኛውን ፍጥነት ቪቴ ጥቂት ክፈትና ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ያለ ጭነት ሲጮህ ትንሽ ሻከር የሚል ድምፅ እስኪሰጥ አድርሰው። ግንዱ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል።

አባትህ ከሠሩበት ዘመን የመጣው ዓይነት የሰንሰለት ፍሬንም የንዝረት መከላከያም የለውም። ይህን ስትይዝ በሁለት እጅህ አጥብቀህ ያዝ፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የመሪ ብረት አፍንጫ በግንድ አታስነካ።

ሥራውን ስትጨርስ ግማሽ ሞልተህ በነጩ ካርቶን ላይ አንድ ሌሊት በቀኝ ጎኑ፣ አንድ ሌሊት በእግሩ አሳድረው። ሦስተኛውን ሌሊት ለፈተና ያህል ብቻ ከሸዋ ሮቢት ሞልተህ አምጣና ማርሚታውን በጣትህ ዳስሰው። ጣትህ ደረቅ ሆኖ ከተመለሰ ቆርጠህ ግባ። ከረጠበ ታንኩን አትንካው፤ ካርቡሬተሩን እንደገና ፍታና የማንሻውን ከፍታ ለካ።